የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሣለት የሙሽራ ሣጥን

እናቴን ሊያገባ የመጣው ሰውዬ ከረባቱ ላይ ሰናፍጭ ደርቆበት ነበር። የጫማው ተረከዝ በአንድ ወገን አልቆ ሲራመድ ዘመም ይላል። ከሁሉ በላይ ግን ያሳሰበኝ ጆሮው ነው። ጆሮ ብሎ ዝም! ወንድም ቢወለድልኝ ያንን ጆሮ ይዞ እንደሚመጣ አሰብኩና ላልተወለደው ልጅ ከልቤ አዘንኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሰውዬው እናቴን ሊያገባ እንዳልመጣ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ እኔ ራሴ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። ይኸው ሰሞኑን የልጅ ልጄ ብሪን የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሽቶ ለመሸጥ አመለከተችና፣ "አያቴ፣ ከመቅጠራቸው በፊት የኋላ ታሪኬን ያጣራሉ" ብትለኝ፣ ሰውዬው ከነጆሮው ፊቴ ድቅን አለ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ልጅቷ እንኳን የሰው ዕቃ የራሷንም ጃንጥላ ይዛ መግባት የማትችል ናት፤ ቢሆንም ልብ አያርፍም።

አባቴ የጭነት መኪናው በበረዶ ተንሸራቶ ሲሞት አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሴቶች ነን፤ እናቴ ስታሻ፣ እኔ ሬናታ፣ እና የእናቴ እናት። አያቴን ሁላችንም ባብቺ እንላታለን፤ የፔንስልቬንያ ፖላንዶች አያት የምንጠራው እንደዚያ ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ከከሰል ማውጫው ጋር የመጣ፣ ማውጫው ሲዘጋ መሄጃ አጥቶ የቀረ ነው። ወንዶቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያስላሉ፣ ሴቶቹ ቀሚስ ፋብሪካ ይሰፋሉ። እናቴም እዚያው እጅጌ ትገጥም ነበር። ያን የጸደይ ወር ግን ፋብሪካው ወደ ደቡብ ሊሄድ ነው ተባለ። የሚሄደው ፋብሪካው ብቻ ነው፤ ሰፊዎቹን ማንም ኑ አላላቸውም።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው እናቴ አዲስ የከንፈር ቀለም መግዛቷን ነው። አንድ ቀን የቀብር ኮቷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ የት እንደምትሄድ ሳትናገር ወጣች። ጉንጯ ቀልቶ ተመለሰች። ምሳ እየበላን ያለ ምክንያት ፈገግ አለች።

"ምን ሆነሻል?" አለቻት ባብቺ።

"ምንም።"

"ምንም የሆነ ሰው ጎመን እያየ አይስቅም።"

እናቴ ጎመኗን መብላት ቀጠለች። ለካስ ከተማው መሃል ያለው ትልቁ የዊንትሮብ መደብር ሄዳ፣ ለሰዓትና ለጌጣጌጥ መሸጫው አመልክታ ኖሯል። ለባብቺ ያልነገረቻት፣ ባብቺ አንድ ነገር ከሰማች ሻማ ለኩሳ፣ ቄሱን አስጸልያ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የቢንጎ ጨዋታ ላይ ሳታውጅ ስለማታድር ነው። ስለዚህ ዝም አለች። እንዲህ ያለ ዝምታ እኛ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከሩ ነበር፤ ውጤቱንም አየነው።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን ሚስስ ኮስትካ በጓሮ በር ሳታንኳኳ ገባች። ፀጉሯ ላይ መጠቅለያው እንዳለ ነው።

"ባብቺ! አንድ ሰውዬ ቤት ለቤት እየዞረ ስለ ስታሻ ይጠይቃል!"

ባብቺ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። "ምን ብሎ?"

"ትጠጣለች ወይ? ማን ገብቶ ማን ይወጣል? ዕዳ አለባት ወይ? ጸባይዋስ? ስንት ዘመን ታውቂያታለሽ? አለኝ።"

"ባርኔጣ አድርጓል?"

"አድርጓል።"

"ጣቱስ?"

ሚስስ ኮስትካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ባዶ! ቀለበት የሚባል የለም። ደህና አድርጌ ነው ያየሁት።"

ባብቺ ቢላዋውን አስቀምጣ አማተበች። "ኢየሱስ ማርያም። ልጄ ሰው አገኘች።"

ከዚያ ለእኔ አስረዳችኝ። ባብቺ በተወለደችበት መንደር ወንድ ዝም ብሎ ሴት አይጠይቅም። መጀመሪያ ቤት ለቤት ይጣራል፤ ትጠጣለች ወይ፣ ዕዳ አለባት ወይ፣ ማን ይገባል ማን ይወጣል ይባላል። ጎረቤት ስለ ጥርሷ ካልሆነ በቀር እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበት። ማጣራቱ ካማረ ወንዱ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። አማላጅ መላክ ትቶ ራሱ የሚዞር ወንድ ደግሞ ወይ ድሃ ነው፣ ወይ በጣም ቸኩሏል።

"ሁለቱም ምንም አይደለም" አለች ባብቺ። "አንቺ ምን አልሽው?"

"ቅድስት ናት አልኩት።"

"ቅድስት! አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ? ቅድስት ማን ያገባል?"

"ታዲያ ምን ልበል? እግረ መንገዴን የኔም ልጅ ባርብ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ነጻ ናት ብዬዋለሁ።"

"እሱን ለማለት ነዋ የቸኮልሽው!"

ሚስስ ኮስትካ ተቆጥታ ወጣች። ባብቺ ግን ጊዜ አልነበራትም። አንገቴን በሻካራ ፎጣ ፈትጋ አጠበችኝ። ለፋሲካና ለቀብር ብቻ የምታደርገውን ሰው ሠራሽ ጥርሷን ከብርጭቆው አውጥታ አደረገች። ፒዬሮጊ የምንለውን ድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል ቅቤ ላይ ጣለች። ያ ቅቤና ሽንኩርት ቤቱን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ፤ ሰውዬው ሽታውን ተከትሎ የመጣ ነው የሚመስለው።

"የሚስስ ስታሻ ዛሬምባ ቤት ይሄ ነው?"

"ግባ ልጄ፣ ግባ። ጫማህን ጥረግ።"

"ክሪብስ እባላለሁ። አድራሻውን ለማረጋገጥ ያህል ነበር—"

"እናውቃለን።"

"ያውቃሉ?"

"መንገዱ በሙሉ ያውቃል። ተቀመጥ።"

እንግሊዝኛዋ ለመገበያየትና ለመጣላት የሚበቃ ነበር፤ ለዚህም በቃ። ሚስተር ክሪብስ ተቀመጠ። ዓይኑ መጥበሻው ላይ ነው። ሳህን ሲቀርብለት ትንሽ ተግደረደረና በላ፤ አበላሉ ደግሞ ቁርስ ያላየ ሰው አበላል ነው። ዛሬ ሳስበው አዝንለታለሁ። የሚከፈለው ባጣራው ሰው ልክ ነበር፤ በቀን ስንት ደጃፍ መቆም እንደነበረበት እግዜር ይወቅ። በሕጉ ደግሞ ጎረቤት ጠይቆ መሄድ እንጂ የአመልካቿ ቤት ገብቶ ቅቤ መላስ የለበትም። ያኔ ግን ልጅ ነኝ፣ የእንጀራ አባቴን አነጋገር ነበር የማጣራው።

አፉን ጠረገና፣ "መቼም ከገባሁ አይቀር፣ ልጅዎ ይጠጣሉ?" አለ።

"በገና ዋዜማ አንድ ብርጭቆ። ታለቅስና ትተኛለች። አንተስ?"

"እኔ?"

"ትጠጣለህ ወይ?"

"ያው... ቅዳሜ ቅዳሜ ቢራ።"

"ቅዳሜ ብቻ?"

ሚስተር ክሪብስ ወደ እኔ ዞር አለ፣ እንዳድነው። እኔ ጆሮውን አየሁ።

"እናትህ አለች?" ባብቺ ቀጠለች።

"አለች። ኤሪ ከተማ ናት።"

"ትጠይቃታለህ?"

"እደውላለሁ።"

"መቼ ደወልክ?"

ሰውዬው ፒዬሮጊውን በሹካው ገለበጠው። ባብቺ ከንፈሯን መጠጠች። "ዛሬ ማታ ትደውላለህ። ከዚህ ሥራ በፊት ምን ነበርክ?"

"ጫማ ቤት እሸጥ ነበር። ለቀቅኩ።"

"ለቀቅክ ወይስ አስለቀቁህ?"

ሹካውን አስቀመጠ። "አስለቀቁኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ከገንዘቡ መሳቢያ ጎደለ ተባለ። እኔ አልወሰድኩም፣ ሚስስ።"

"ማን ወሰደው ታዲያ?"

"የባለቤቱ የወንድም ልጅ።"

"ለባለቤቱ አልነገርከውም?"

"ነገርኩት እንጂ። ለዚህ ነው ያስለቀቁኝ።"

ባብቺ ሦስት ፒዬሮጊ ጨመረችለት። ጉዳዩ አለቀ፤ ሰውዬውን ወዳዋለች። እኔም ጆሮውን በኮፍያ መሸፈን ይቻላል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ሚስተር ክሪብስ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጥያቄው ለመመለስ ሞከረ። "ስለ ኑሯቸው... በስፌት ደመወዝ ብቻ እንዴት ይተዳደራሉ? ይቸገራሉ?"

የባብቺ አንገት ቀላ። በእሷ ጆሮ ይህ ጥያቄ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ልጅሽ ምን ይዛ ነው የምትመጣው ማለት ነው። "ይቸገራሉ? ተነሣ። ና ተከተለኝ።"

ወደ ፎቅ ወሰደችው። ከአልጋዬ ሥር ሣጥኑን ጎትታ አወጣችና ከፈተች።

ሣጥኑ የኔ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ እናቴ ለሠርጌ የምታስቀምጠው ነው፤ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ማንኪያና ሹካ፣ አንድ የሐር የሌሊት ልብስ። ሁሉም አዲስ፣ እያንዳንዱ ላይ የዋጋ ወረቀቱ ተንጠልጥሏል። ወረቀቱ እንዲነሣ ባብቺ አትፈቅድም። በመንደሯ የሙሽራው እናት ጨርቁን በጣቷ ዳብሳ ስንት እንዳወጣ ትናገር ነበር። "አሜሪካ ውስጥ ግን ናይለኑን ከጥጡ ማን ይለያል? ወረቀቱ ይናገር!" ትላለች። በሰፈራችን ብዙ አያቶች እንዲህ ያደርጉ ነበር። የእኛ ሰው ሠርግ ላይ ስጦታው ሲዘረጋ የዋጋ ወረቀት ሲወዛወዝ ብታዩ ጨረታ ይመስላችሁ ነበር።

ሚስተር ክሪብስ ጎንበስ ብሎ አንዱን ወረቀት አነበበ። ሌላውን አነበበ። ሁሉም ላይ የዊንትሮብ መደብር ስም አለ።

"ይሄ ሁሉ... ከዊንትሮብ ነው?"

"ሁሉም! የሌላ ሱቅ ዕቃ እጇ አይነካም።"

"በስፌት ደመወዝ?"

"እጇ ነዋ!" አለች ባብቺ፣ ደረቷን ነፍታ። "የስታሻ እጅ የተባረከ ነው። ዊንትሮብ ገብታ ባዶ እጇን ወጥታ አታውቅም። ሌላም አለ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ።"

የሰውዬው ዓይን ፈጠጠ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ፍቅር ነው ብዬ ወሰድኩት። ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ተጠላለፈበት፤ ይህንንም ለፍቅሩ ቆጠርኩለት። ባብቺ የቀረውን ፒዬሮጊ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችውና በሩን ዘግታ፣ "ጠርሙሱን ይዞ እሑድ ይመጣል" አለች።

እሑድ አልመጣም። ይልቅ ማክሰኞ እናቴ ያንኑ የቀብር ኮት ለብሳ ወጣች። ስትመለስ ቦርሳዋን ከግድግዳ ጋር አላተመችው።

"ሣጥኑን ማነው የከፈተው?"

እኔና ባብቺ ተያየን።

"ማማ! ሣጥኑን ማነው ለሰውዬው የከፈተው?"

"ማሳየት ደንብ ነው። ምነው፣ አነሰ አለ?"

"አነሰ? በዛ! በዛ እንጂ! የመደብሩ አለቃ ሚስተር ትሬስለር ፊት ለፊቱ አስቁሞኝ፣ 'የኛ ዕቃ ቤትዎ ውስጥ ሞልቷል፤ ደረሰኝ ያምጡ' አለኝ። ሌባ ነሽ ማለቱ ነው! 'ሌባ እንዳንቀጥር ነው አጣሪ የምንልከው፣ እርስዎ ግን ሳይቀጠሩ ጀመሩ' አለኝ!"

"ደረሰኙን አሳዪው እንጂ።"

"የቱን ደረሰኝ? በየሳምንቱ በሳንቲም እየቆራረጥኩ ነው የከፈልኩት። ወረቀቱን ሁሉ ምድጃ ለኮስሽበት አይደል?"

ባብቺ ምድጃውን አየችው፣ እሱ ያጠፋ ይመስል። "ሙሽራ ሆኖ ደረሰኝ የሚጠይቅ—"

"ሙሽራ አይደለም! ሱቁ የላከው አጣሪ ነው። ለሥራ ነው፣ ማማ። ሰዓት ልሸጥ ነበር።"

"ለሥራ? ለሥራ ብሎ ትጠጣለች ወይ የሚል የት አለ? መጠጥ ቤት ነው የሚቀጥሩሽ? ተይኝ እንጂ። ሰውዬው ትዳር ፈልጎ ነው፤ አለቃው ነው ያበላሸበት።"

እኔ ባብቺን አመንኩ። እናቴ የምትለው ለማፈሯ መሸፈኛ መሰለኝ። እንዳልኩት ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በዚያ ላይ የባብቺ ታሪክ የተሻለ ነበር።

እናቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፋብሪካው አርብ ይዘጋል። የከተማው ባለሱቆች ደግሞ አንዱ ሌባ ያለውን ሌላው አይቀጥርም፤ ስም በስልክ ይዞራል። ዊንትሮብ ከከለከላት የከረሜላ ሱቅ እንኳ በሩን አይከፍትላትም። ይህን እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት፣ እናቴ ከሣጥኑ አንድ የትራስ ልብስ አውጥታ ወረቀቱን በጣቷ እያዟዟረች ስትመለከት ነው። ብዙ ቆየች። ከዚያ በአፍንጫዋ ሳቀች።

"ሬንያ፣ ጋሪሽን አምጪ" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑን በቀይ የመጫወቻ ጋሪዬ ላይ ጭነን ቁልቁል ወረድን። እናቴ ትስባለች፣ እኔ ከኋላ እይዛለሁ፣ ባብቺ ጥርሷን አድርጋ ከጎን ትሄዳለች። ሚስስ ኮስትካ በረንዳዋ ላይ ነበረች።

"ምነው? ሠርጉ ቀረ እንዴ?"

"ተራዘመ!" አለች ባብቺ ሳትዞር።

ማግስቱ የእናቶች ቀን ስለነበር ዊንትሮብ ጢም ብሏል። ዕቃ መመለሻው መስኮት ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ "የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሣለትን ዕቃ ሁሉ፣ ምንም ጥያቄ ሳንጠይቅ ገንዘብዎን እንመልሳለን።" ከሥሩ ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ተቀምጣለች። እናቴ አንድ የትራስ ልብስ አስቀመጠች።

"ምክንያቱ?" አለች ልጅቷ።

"ምንም ጥያቄ ሳንጠይቅ ይላል።"

ልጅቷ ወደ ላይ አንጋጣ ጽሑፉን አነበበች፤ ገንዘቡን መለሰች። እናቴ ሁለተኛውን አስቀመጠች። ከዚያ አንሶላ። ከዚያ ፎጣ። ከኋላችን ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የሣጥኑን ጥልቀት ስታይ ማስቲካውን ዋጠች፤ ስልክ አነሣች።

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ባብቺ እንደነገረችኝ ትዳር ሲፈርስ ዕቃ ይመለሳል። ይኸው ትዳሩ ፈረሰ፤ አንሶላዬ እየሄደ ነው። ጆሮው ትልቅ ነው ማለቴን እግዜር ሰምቶብኝ ይሆን?

ሚስተር ትሬስለር ከፎቅ ወረደ፤ ከአንገቱ በላይ ቀልቷል። "ሚስስ ዛሬምባ! ይሄ ምንድነው?"

"ዕቃ እየመለስኩ ነው።"

"ይህ ዕቃ እኮ—" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስለዚህ ዕቃ ተነጋግረናል።"

እናቴ ዝቅ አላደረገችም። "አዎ፣ ተነጋግረናል። ሰርቄው ከሆነ ስልኩ ያውልዎት፣ ፖሊስ ይጥሩ። ገዝቼው ከሆነ ገንዘቤን ይስጡኝ። ሌላ መንገድ ካለ እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው።"

"ደረሰኝ ቢኖርዎ—"

"ደረሰኝ?" አለች ከኋላ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ መጥበሻ ታቅፋ። "ጽሑፉ ላይ ደረሰኝ የሚል የታለ? እኔም የለኝም!"

"እኔም የለኝም!" አለች ሌላዋ። "እኔንም ሌባ ልትለኝ ነው?"

"ሌባ ማንም አላለም" አለ ሚስተር ትሬስለር።

"እኔን ብለውኛል" አለች እናቴ። "ማክሰኞ። ቢሮዎ ውስጥ።"

ሰልፉ አጉረመረመ። መጥበሻ የታቀፈችው ሴትዮ መጥበሻውን ከክንድ ወደ ክንድ አዛወረችው፤ ሚስተር ትሬስለር አንድ እርምጃ ሸሸ። ከዚያ ለማስቲካዋ ልጅ አንገቱን ነቀነቀላት። መልሽላት ማለቱ ነው።

የሌሊት ልብሱ ተራ ሲደርስ ልጅቷ ዘርግታ አየችው። "ደረቱ ላይ የሾርባ ጠብታ አለ።"

"እኛ ቤት ማንም አልለበሰውም" አለች ሾርባዋን አልጋ ላይ የምትጠጣው ባብቺ፣ ጥርሷን አውልቃ ኪሷ እየከተተች። እሱንም መለሱት።

ሣጥኑ ባዶ ሲቀር እናቴ ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ሚስተር ትሬስለር ዞረች። 

"እንግዲህ ከፈሉኝ" አለችው። "ሌባ ደግሞ አይከፈለውም። ሥራውስ?"

 ሁሉም ሴት መልሱን ይጠብቃል። ሚስተር ትሬስለር ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁም። እናቴ ጥቂት አሰበችና አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ያ ባለ ጆሮው ለካ አማላጅ ብቻ ነበር! ፈላጊው ይሄ ቀዩ ሰውዬ ኖሯል።

ብሪን ይህን ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች። አሁን ማንም ቤት ለቤት አይዞርም ብላ ማለችልኝ፤ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ያጣራዋል አለች። እኔ ግን ሰሞኑን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቁም ሣጥኔን እቆልፋለሁ። ምን ይታወቃል።

ያን ቅዳሜ እራት ላይ እናቴ ቋሊማ ጠበሰች፤ ለበዓል እንኳ የማይታሰብ ወፍራም ቋሊማ። ሳህኔን እያየሁ፣ ድፍረት አሰባስቤ ጠየቅኋት።

"ማማ፣ ሰውዬውን እሺ አልሽው?"

"የቱን ሰውዬ?"

"ቀዩን። ሚስተር ትሬስለርን። ልታገቢው ነው?"

ሹካዋ አፏ ጋ ቀረ። ወደ ባብቺ አየች፣ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች።

"የኔ ልጅ፣ እሺ ያለው እሱ ነው" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "ከሰኞ ጀምሮ። ግን ለሦስት ወር በሙከራ ነው። ካልተስማማሁት ያሰናብተኛል።"

ባብቺ ሹካዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።  ከዚያ ተነሥታ ኮቷን ከመስቀያው አወረደች።

"ወዴት ነው ማማ?"

"ወደ ቄሱ ቤት" አለች ባብቺ። "ሦስት ወር በሙከራ! ያውም በሕዝብ ፊት! የት ነው የሰውዬው እናት የምትኖረው?"